ፈርዲናንድ ፖርሼ፤ በነፋስ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ተርሞስታት ያስፈልገዋልን?

ቮልስዋገን መኪና ያላቸው ሰዎች በጋራዥ ደጅ በተገናኙ ቍጥር ሳያነሡት የማይቀሩት አንድ ክርክር አለ። ይኸውም የዚህ መኪና ሞተር የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ስለ ሆነ፥ ተርሞስታት የሚባለው ትንሽ ዕቃ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚል ነው። አንዱ ወገን አገራችን የፀሐይ አገር ስለ ሆነች ሞተርን የሚያሠጋው ሙቀት እንጂ ብርድ አይደለምና ዕቃው ወልቆ ቢጣል ይሻላል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሠሪው ያለ ምክንያት ያስገባው ነገር የለምና ይኑር ባይ ነው። እኛ እንደምናየው ግን ሁለቱም ወገኖች ብዙውን ጊዜ የሚከራከሩት ከልማድ ተነሥተው እንጂ ሞተሩ እንዴትና ለምን እንደ ተወለደ መርምረው አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ ለመስጠት የምንሞክረው የሞተሩን አባት የፈርዲናንድ ፖርሼን የሕይወት ታሪክ በመተረክ ነው። የሰውየው ታሪክ ለመካኒኮች ብቻ ሳይሆን ዕውቀት ለመቅሰም በዩኒቨርሲቲ ለተሰበሰብን ተማሪዎች ሁሉ የሚነግረን ነገር አለው። የሚያስመሰግነውም የሚያስወቅሰውም ሥራ ስላለበት ሁለቱንም ሳንሸሽግ እንጽፋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ካልተለየ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፖርሼ የተወለደው ሴፕቴምበር 3 ቀን 1875 በሰሜን ቦሄሚያ ማፈርስዶርፍ በተባለች መንደር ነው። ስፍራው ያን ጊዜ የኦስትሪያና የሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ነበረ፤ ዛሬ የቼክ ሪፑብሊክ ነው። አባቱ አንቶን ፖርሼ ቆርቆሮ ሠሪ ሲሆን፥ ልጁ ሙያውን ተምሮ የሥራውን ቤት እንዲወርስለት ይመኝ ነበር። ልጁም ቆርቆሮ መቍረጥንና መቀጥቀጥን ከአባቱ ተማረ፤ ልቡ ግን በዚያ ዘመን ገና እንግዳ ወደ ነበረው ወደ ኤሌክትሪክ አዘነበለ። ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ ማታ በአቅራቢያው ባለችው በራይሽንበርግ ከተማ የቴክኒክ ትምህርት ይከታተል ነበር። በአገራችን ቀጥቃጭና ባለእጅ ሲናቅ የኖረበትን ዘመን ለምናስታውስ ሰዎች፥ በዓለም ከታወቁት መሐንዲሶች አንዱ ከቆርቆሮ ሠሪ ቤት መውጣቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

በ1893 ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ ወደ ቪየና ሄዶ ቤላ ኤገር በተባለ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጠረ። ሥራው ሲያበቃም ወደ ከተማይቱ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት እየሄደ፥ ተማሪ ሳይሆን ከተማሪዎች ጋራ ተቀላቅሎ ትምህርት ያዳምጥ ነበር። እኛ መታወቂያችንን አሳይተን የምንገባበትን ዐይነት አዳራሽ እርሱ ተሸሽጎ ይገባበት ነበር ማለት ነው። ዲግሪ አልነበረውም። በኋላ ዶክቶር ተብሎ የተጠራው ይኸው የቪየና ትምህርት ቤት በ1917 የክብር ዶክቶርነት ስለ ሰጠው ነው፤ የሽቱትጋርትም ከፍተኛ ትምህርት ቤት በ1924 እንዲሁ አድርጎለታል።

ዝናው የተጀመረው በኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ1898 ሎነር ወደ ተባለው የቪየና ሠረገላ ሠሪ ኩባንያ ገብቶ፥ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ በፊተኞቹ መንኰራኵሮች ውስጥ የተቀመጡ መኪና ሠራ። ይህ መኪና በ1900 በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን ቀርቦ ተደነቀ። ባትሪው እጅግ ከባድ መሆኑን ባየ ጊዜም የቤንዚን ሞተር ዲናሞ እያዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭለት ሌላ መኪና ሠራ። በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳና የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች፥ ሐሳባቸው ፈጽሞ አዲስ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1906 ፖርሼ የአውስትሮ ዳይምለር ኩባንያ ዋና ነዳፊ ሆነ። በ1910 በተደረገው የልዑል ሄንሪ የመኪና ውድድር የኩባንያው መኪናዎች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ሲወጡ፥ አንደኛ የወጣውን የነዳው እርሱ ራሱ ነበረ። ለኛ ነገር ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በ1912 የሠራው ሥራ ነው። በዚያ ዓመት አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተጋደሙ፥ በነፋስ የሚቀዘቅዝ የአውሮፕላን ሞተር ነደፈ። አውሮፕላን ቅለት ይፈልጋል፤ ውሃው፥ ራዲያቶሩና የውሃው ቧንቧ ሲቀሩ ብዙ ክብደት ይቀራል። የቮልስዋገን ሞተር መልክ ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በዚህ ሞተር ላይ ታይቷል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣም ፖርሼ ከባድ መድፍ የሚጎትቱ መኪናዎችን ለኦስትሪያ ጦር ሠራ። የጦር መሣሪያ ሥራ ከሕይወቱ የተለየበት ዘመን ጥቂት መሆኑን ከአሁኑ ልብ እንበል።

ፖርሼ ከአለቆች ጋራ የሚስማማ ሰው አልነበረም። በ1923 ከአውስትሮ ዳይምለር ተጣልቶ ወጣና በሽቱትጋርት ዳይምለር ገባ፤ በዚያም ስመ ጥር የሆኑትን ፈጣን የመርሴዲስ መኪናዎች ነደፈ። ለብዙኀኑ ሕዝብ የሚሆን ትንሽ መኪና መሥራት ይመኝ ነበር፤ ኩባንያው ግን ሐሳቡን አልወደደለትም። ከዚያም ወጥቶ በ1929 ወደ ሽታየር ኩባንያ ቢሄድ፥ ያ ኩባንያ በዚያው ዓመት በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ተናጋ። በመጨረሻ በ1931 በሽቱትጋርት የራሱን የንድፍ ቢሮ አቋቋመ። ከመሥራቾቹና በገንዘብ ከረዱት ሰዎች አንዱ አዶልፍ ሮዘንበርገር የተባለ አይሁዳዊ የእሽቅድምድም ነጂ ነበረ። የዚህን ሰው ስም በኋላ እናነሣዋለን።

አዲሱ ቢሮ የትንሽ መኪና ሐሳቡን የሚገዛው ሲፈልግ መጀመሪያ ያገኘው ጹንዳፕ የተባለውን የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ነው። ነገር ግን ባለፋብሪካው በነፋስ የሚቀዘቅዘውን ሞተር አልፈቀደም፤ አምስት ሲሊንደር ያለውና በውሃ የሚቀዘቅዝ ይሁን አለ። በ1932 መኪናዎቹ ተሠርተው ሲሞከሩ ሞተሮቹ ከመጠን በላይ እየጋሉ አስቸገሩ፤ ሥራውም ተተወ። ቀጥሎ ለኤን.ኤስ.ዩ ፋብሪካ የነደፈው መኪና ሞተር አራት ሲሊንደር ያለውና በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሆነ፤ ይህም ለቮልስዋገን የቅርብ ታላቅ ወንድም ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር፥ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ያለውን ርካሽ መኪና ያሰበ ፖርሼ ብቻ አልነበረም። የታትራ ኩባንያ መሐንዲስ ሐንስ ሌድቪንካ ከ1923 ጀምሮ በቼኮስሎቫኪያ እንዲህ ያለ መኪና እየሠራ ይሸጥ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ይተዋወቁ ነበር፤ አንዱ የሌላውንም ሥራ ያይ ነበር። ታትራ ንድፌ ተወሰደ ብሎ ያነሣው ክስ ጀርመን ቼኮስሎቫኪያን በያዘች ጊዜ ታፈነ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ተነሥቶ ቮልስዋገን ኩባንያ በ1960ዎቹ ገንዘብ ከፍሎ ተስማማ።

በ1933 ሥልጣን የያዘው ሂትለር ለጀርመን ሕዝብ ርካሽ መኪና እንዲሠራ ፈለገ፤ በጁን 22 ቀን 1934 የጀርመን መኪና ሠሪዎች ማኅበር ሥራውን ለፖርሼ በውል ሰጠው። መኪናው ቤተ ሰብ የሚይዝ፥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፥ ለ100 ኪሎ ሜትር ሰባት ሊትር ገደማ ቤንዚን የሚበቃው፥ ዋጋውም ከ1,000 ማርክ በታች እንዲሆን ታዘዘ፤ በኋላ የተቈረጠው ዋጋ 990 ማርክ ነው። ሞተሩም በነፋስ የሚቀዘቅዝ እንዲሆን ተፈለገ፤ ምክንያቱም ርካሽ መኪና የሚገዛ ሰው ጋራዥ የለውምና መኪናው በክረምት ሌሊት ደጅ ያድራል፤ ውሃ ቢኖርበት በረዶ ሆኖ ሞተሩን ይሰነጥቀዋል። ቢሮው ልዩ ልዩ ሞተር ከሞከረ በኋላ በመጨረሻ የተመረጠውን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር የነደፈው በፖርሼ ሥር ይሠራ የነበረው ፍራንጽ ራይምሽፒስ ነው። ሞተሩ አንድ ሊትር የማይሞላ፥ ጕልበቱም 23 የፈረስ ጕልበት ገደማ ነበረ። በ1936 መገባደጃ ሦስት መኪናዎች እያንዳንዳቸው 50,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድተው ተፈተኑ፤ በ1937 ደግሞ 30 መኪናዎች በድምሩ ከሁለት ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ሄዱ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንግባ። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው እንደሚከተለው ነው። ሲሊንደሮቹና ቴስታታዎቹ ሙቀታቸውን ለነፋስ እንዲሰጡ ዙሪያቸውን ቀጫጭን ክንፎች አሏቸው። ከላይ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለ ቬንትሌተር ነፋስ ከውጭ እየሳበ በክንፎቹ መካከል ወደ ታች ይነፍሳል። ቬንትሌተሩ ከዲናሞው ጋራ ባንድ ዘንግ ላይ ሆኖ በቺንጋ ይዞራል፤ ፍጥነቱም የሞተሩን ዘንግ ሁለት እጥፍ ለመሆን ጥቂት ብቻ የቀረው ነው።

የነገሩ ቍልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቬንትሌተሩ የሚነፍሰው ሞተሩ በዞረ መጠን እንጂ በሞቀ መጠን አይደለም። ማለዳ ገና ሲነሣም ሆነ ቀትር ላይ ዳገት ሲወጣ፥ ዙሩ እኩል ከሆነ ነፋሱም እኩል ነው። ነፋሱ በጣም ለሞቀው ሞተር እንዲበቃ ተደርጎ ስለ ተለካ፥ ለቀዝቃዛው ሞተር እጅግ ይበዛበታል። ቬንትሌተር ዐይን የለውም፤ ሞተሩ ይሙቅ አይሙቅ አያውቅም። ስለዚህ ሙቀቱን አይቶ ነፋሱን የሚመጥን ሌላ ዕቃ ይፈለጋል ማለት ነው።

ሞተር ሳይሞቅ ቢሠራ ምን ይጎዳዋል የሚል ቢኖር፥ ብዙ ይጎዳዋል እንላለን። አንደኛ፥ ፒስተኖቹና ቴስታታዎቹ ከአሉሚኒየም፥ ሲሊንደሮቹ ከብረት፥ ዋናው የሞተሩ ገላ ደግሞ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ሲሞቁ እኩል አይሰፉም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የተለካውም ሞተሩ በሥራ ሙቀቱ ላይ ሳለ ልክ እንዲመጣ ነው። ሁለተኛ፥ ቤንዚን በቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ሁሉም አይተንም፤ የቀረው ጠብታ የሲሊንደሩን ቅባት እያጠበ ወደ ታች ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ሦስተኛ፥ ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይወለዳል። ሞተሩ ከሞቀ ውሃው በእንፋሎት ይወጣል፤ ካልሞቀ ግን ከዘይቱ ጋራ ተደባልቆ ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ ይሆናል፥ ብረት የሚበላ አሲድም ያፈራል። አራተኛ፥ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለ ሆነ በጠባቡ መንገድ ሁሉ ቶሎ አይደርስም።

ይህን ጕዳት የሚያሳጥረው ተርሞስታቱ ነው። ከቀኙ ሲሊንደሮች በታች፥ የሞቀው ነፋስ በሚወርድበት ስፍራ፥ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የተጣጠፈ ትንሽ የነሐስ ዕቃ አለ፤ በውስጡም ፈሳሽ ታሽጎበታል። ሲሞቅ ይረዝማል፥ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። ከርሱ ወደ ላይ የሚወጣው ቀጭን ዘንግ የነፋሱን መዝጊያ ይከፍታል፥ ይዘጋልም። በ1950ዎቹ በተሠሩት መኪናዎች መዝጊያው በቬንትሌተሩ አፍ ላይ ያለ ቀለበት ነበረ፤ በ1960ዎቹ በዚህ ፈንታ በቆርቆሮው ቤት ውስጥ በግራና በቀኝ የሚንቀሳቀሱ ጠፍጣፋ መዝጊያዎች ተደረጉ። ወናፉ የሚከፍተው ሙቀቱ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ በሚደርስበት ጊዜ ነው። ሞተሩ ሲነሣ መዝጊያው ጠበብ ብሎ ይቆያል፤ ሞተሩም ቶሎ ይሞቃል፤ ከሞቀ በኋላ መዝጊያው ተከፍቶ ነፋሱ ሁሉ ያልፋል።

ተርሞስታቱ ይውለቅ የሚሉት ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። የመጀመሪያው የአገራችን ሙቀት ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳዋ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ ከማደሪያ ቤት ተነሥቶ ወደ ክፍል የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ከዚህም በላይ የከተማ መኪና መንገዱ አጭር ነው፤ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ፒያሳ የሚቆም ሞተር ያለ ተርሞስታት ደኅና አድርጎ ሳይሞቅ ይጠፋል፥ ማታም እንዲሁ ሳይሞቅ ይመለሳል። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፥ ይኸውም በአዲስ አበባ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚቀንስ፥ ማቀዝቀዣው ይዳከማል የሚሉም አሉ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መዝጊያው ፈጽሞ የተከፈተ ስለ ሆነ፥ ተርሞስታቱን ማውለቅ ከዚያ በላይ አንዲት ትንፋሽ ነፋስ አይጨምርም። ዕቃው የሚሠራው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ነውና የሞቀውን ሞተር ለማዳን እርሱን ማውጣት ከንቱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ተርሞስታቱ ቢበላሽ መዝጊያው ተዘግቶ ይቀርና ሞተሩ ይቃጠላል የሚል ፍርሃት ነው። ይህንንም ሠሪዎቹ አስበውበታል። የመጀመሪያው ዐይነት ወናፍ አየር ወጥቶለት የታሸገ ስለ ሆነ፥ ቢበሳ አየር ገብቶበት በራሱ ይረዝማል፤ መዝጊያውም ተዘግቶ ሳይሆን ተከፍቶ ይቀራል። የሚያሠጋው ዘንጉና መዝጊያው ዝገው መጣበቃቸው ነው፤ የዚህም መድኀኒቱ ማጽዳትና በእጅ አንቀሳቅሶ መፈተሽ እንጂ አውጥቶ መጣል አይደለም። ሦስተኛው ምክንያት መኪናዬ ያለ ተርሞስታት ስንት ዓመት ሄዷል የሚለው ነው። መሄዱንስ ይሄዳል። ነገር ግን የሲሊንደር መበላት አይጮኽም፤ ሞተር ዕድሜው ሲያጥር ምክንያቱን ለባለቤቱ አይናገርም።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው፤ በነፋስ የሚቀዘቅዘው ሞተር ተርሞስታት ያስፈልገዋል፤ እንዲያውም ነፋሱ ሙቀትን የማይጠብቅ ስለ ሆነ ይበልጥ ያስፈልገዋል። በቈላ አገር ረዥም መንገድ ብቻ ለሚሄድ መኪና ጥቅሙ እንደሚያንስ እናምናለን። ዕቃው ከጠፋ ወይም ከተሰበረም መለዋወጫ እስኪገኝ ድረስ መዝጊያው ተከፍቶ መታሰር አለበት፤ ወናፉን አውልቆ መዝጊያውን እንደ ተዘጋ መተው ሞተሩን ማቃጠል ነው። ዙሪያውን ያለውን ቆርቆሮ አውልቆ መጣልም ከሁሉ የከፋ ነው፤ ነፋሱ በክንፎቹ መካከል እንዲያልፍ የሚያስገድደው ያ ቆርቆሮ ነውና።

የሞተሩን ነገር በዚህ ጨርሰን ወደ ሰውየው እንመለስ። ፋብሪካው ዛሬ ቮልፍስቡርግ በምትባለው ስፍራ በሜይ 26 ቀን 1938 የመሠረት ድንጋይ ተጣለለት። 336,000 የሚያህሉ ጀርመናውያን በየሳምንቱ አምስት ማርክ ገደማ እየከፈሉ መኪናውን ይጠብቁ ነበር፤ ነገር ግን ጦርነቱ ተነሣና ከነርሱ አንድ ሰው እንኳ በዚህ ቍጠባ መኪና አልደረሰውም። ፋብሪካው በመኪናው ፈንታ 50,000 ያህል ኪዩበልቫገን የተባሉ የጦር መኪናዎችን ሠራ። ሞተራቸው ውሃ ስለሌለው በሰሜን አፍሪካ በረሃ አልፈላም፥ በሩስያ ክረምትም አልረጋም። ለደኻ ሰው ጋራዥ ማጣት ተብሎ የታሰበው ብልሃት ለወረራ ዋለ።

ፖርሼ በዚህ ሁሉ ውስጥ ዝም ብሎ የተጎተተ ሰው አልነበረም። በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ፤ በኋላም የኤስ.ኤስ. ማዕርግ ተሰጠው፤ ከ1941 እስከ 1943 የታንክ ኮሚሲዮን ሊቀ መንበር ነበረ። በፋብሪካውም ከዋነኞቹ መሪዎች አንዱ ነበረ። በዚያ ፋብሪካ በጦርነቱ ዘመን 20,000 የሚያህሉ ሰዎች፥ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ጭምር፥ በግድ ተሠማርተው ነበር። በግድ ከሚሠሩት ሴቶች የተወለዱ ሕፃናት ከእናቶቻቸው እየተነጠቁ ይቀመጡበት በነበረው በሩየን ቤት ከ300 በላይ ሕፃናት ሞተዋል። ቀደም ብለን የጠቀስነው ሮዘንበርገርም በ1935 የቢሮውን ድርሻ በስሙ በተመዘገበው ገንዘብ ብቻ ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት በአይሁዳዊነቱ ተይዞ ማጎሪያ ካምፕ ገባ፤ ከተፈታ በኋላም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ቢሮው ግን በመንግሥት ትእዛዝ እየበለጸገ ሄደ።

ፖርሼ ስለ ፖለቲካ ደንታ ያልነበረው ንጹሕ የሙያ ሰው ነበረ እያሉ የሚከራከሩለት ብዙዎች ናቸው። እኛ ይህን እንደ ይቅርታ አንቀበለውም። ሰውየው ለንጉሠ ነገሥቱ መድፍ የሚጎትት መኪና ሠርቷል፤ በ1932 ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጋብዞ የዚያን መንግሥት ሥራ ለመቀበል ከማሰብ አልተመለሰም፤ ኋላም ለሂትለር ታንክ ነድፏል። ሥራውን የሚያሠራው እስከ ተገኘ ድረስ ሥራው ለምን እንደሚውልና በማን ጫንቃ ላይ እንደሚሠራ አልጠየቀም። በሞተር ውስጥ ሙቀት ልክ ሲያልፍ የሚያውቅ ሰው፥ በፋብሪካው ውስጥ ግፍ ልክ ሲያልፍ ማወቅ አቃተው ማለት አይቻልም፤ በየቀኑ የሚያየው ነበርና።

ጦርነቱ ሲያልቅ፥ በዲሴምበር 1945፥ ፈረንሳዮች ያዙት፤ ሀያ ወር ያህል ታስሮ፥ በመካከሉም ስለ አንዲት ትንሽ የሬኖ መኪና ምክር ተጠይቆ፥ በዲዦን ከነበረበት ወኅኒ በኦገስት 1947 በዋስ ተፈታ። ጤናው ተናግቶ ነበር። በ1948 ልጁ ፌሪ በቮልስዋገን ሞተር ላይ ተመሥርቶ የቤተ ሰቡን ስም የያዘውን የመጀመሪያ የስፖርት መኪና በኦስትሪያ ሠራ። በእንግሊዝ መኮንኖች ጠባቂነት የተነሣው የቮልፍስቡርግ ፋብሪካም መኪናውን በብዛት ማውጣት ጀመረ፤ ፖርሼም በኖቬምበር 1950 ሄዶ ጐበኘው። በዚያው ወር ደም ፈስሶ ጭንቅላቱን መታውና ሳይድን ቀርቶ ጃንዋሪ 30 ቀን 1951 በ75 ዓመቱ በሽቱትጋርት ሞተ።

መኪናው ግን ከሠሪው በኋላ ከሀምሳ ዓመት በላይ ኖረ። በ1972 በብዛት የፎርድን የቲ ሞዴል በለጠ፤ የመጨረሻው በሜክሲኮ ፑኤብላ ከተማ በጁላይ 30 ቀን 2003 ሲወጣ ድምሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። በአገራችንም ቮልስ ተብሎ የአስተማሪው፥ የሐኪሙና የጸሐፊው መኪና ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚሁ ዐይነት መኪና እንደ ነበረ የማያውቅ የለም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ከቆርቆሮ ሠሪ ቤት ተነሥቶ፥ በተሸሸገ ተማሪነት ዕውቀት የሸመተው ወጣት ትጋቱ ያስቀናናል፤ እኛ በሩ ተከፍቶልን የምንተኛ ከሆነ ያሳፍረናል። ያው ሰው ከፍ ካለ በኋላ ያደረገው ደግሞ ያስፈራናል። ነገ ከመካከላችን አንዱ ግድብ፥ አንዱ መድኀኒት፥ አንዱ ሕግ፥ አንዱ የሒሳብ መኪና ይሠራል። ሥራው ሲሰጠን ደመወዙንና የመሣሪያውን ጥራት ብቻ ሳይሆን፥ የሚጠቀምበት ማን እንደ ሆነና የሚጎዳበት ማን እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን፤ ይህም መጠየቅ ያለበት ሥራው ከመጀመሩ በፊት፥ እንቢ ማለት ገና በሚቻልበት ጊዜ ነው። ፖርሼ ያን ጊዜ ነበረው፤ በ1934 ውሉን ሲፈርም ወኅኒ አልነበረም፥ ጠመንጃም አልተደገነበትም። ለመኪናው ሰውየውን እናመሰግነዋለን፤ ለቀረው ግን በሩየን የተቀበሩት ሕፃናት ይጠይቁታል።